ልጄ ትክክለኛውን መልስ ስታጠፋ አየሁ

ሰዒድ እባላለሁ። ኮምቦልቻ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት የሒሳብ መምህር ነበርኩ። ሲያትል ከመጣሁ በኋላ ኦበርን አንድ መጋዘን ውስጥ ዕቃ በመለየት ነው የኖርኩት፤ ቢሆንም የአገሬ ሰው እስከ ዛሬ «ቲቸር» ነው የሚለኝ። እውነቱን ለመናገር ስሙን እወደዋለሁ። ይህን የምነግራችሁን ነገር ግን በዚያ ስም እየኮራሁ አልነግራችሁም። ሁለት ቀን ነው የፈጀው፣ አንድ ሰኞና አንድ ማክሰኞ። እሁድ የነበርኩት ሰውዬ ረቡዕ አልነበረም።

ሀያት አንድ ልጃችን ናት። ያኔ አሥር ዓመቷ ነበር፣ አራተኛ ክፍል። ስካይዌይ የሚባል ሰፈር ነው የምንኖረው። እናቷ ዘሀራ አረጋውያን እየተንከባከበች ስለምትሠራ ቤት የምትገባው አምሽታ ነው፤ ስለዚህ የቤት ሥራ የእኔ ድርሻ ሆነ። ልጅቷ አዲስ ምዕራፍ በጀመረች ቁጥር ቲቪውን አጥፍቼ፣ የምግብ ጠረጴዛው ፊት አስቀምጫት አስተምራታለሁ። አንድ ሰዓት፣ አንዳንዴም ሁለት ሰዓት። ወገቤ ተቆርጦ ከሥራ ስመለስ እንኳ ትቼው አላውቅም። ከእኔ በላይ ለልጁ የሚደክም አባት ያለ አይመስለኝም ነበር።

ጥርጣሬው የጀመረው ጋሽ ሽኩር ሱቅ ውስጥ ነው። ጋሽ ሽኩር ሬኒየር ቫሊ ውስጥ ጤፍና በርበሬ የሚሸጡ የስልጤ ሰው ናቸው። የልጅ ልጃቸው ሰሚራ ከሀያት ጋር አንድ ክፍል ትማራለች። እሁድ ከሰዓት ምስር ሊመዝኑልኝ ሲሉ ቆም አሉና፣

«ቲቸር፣ ሰሚራ ማካፈል ጨርሳ ክፍልፋይ ገባች» አሉኝ። «ያንተ ልጅ ግን ገና ማባዛት ላይ ናት አለችኝ። እውነት ነው?»

«እንዴት ሊሆን ይችላል? አንድ ክፍል አይደሉም እንዴ?»

«አንድ ክፍል፣ አንድ መምህር። ግን እያንዳንዱ ልጅ የራሱ ትምህርት፣ የራሱ ፍጥነት አለው ነው የሚሉት። ማንም ማንንም አይጠብቅም።» ምስሩን ላስቲክ ውስጥ እየከተቱ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እኔ እንዳንተ አልተማርኩም፤ ሰው ወደ ኋላ ሲደረግ ግን አውቃለሁ። ሂድና እይ።»

ቤት እንደገባሁ ሀያትን ጠራኋት።

«ሒሳብ ላይ መምህርሽ በዚህ ሳምንት ምን አስተማረቻችሁ?»

«ናቲንግ።»

«እንዴት ናቲንግ?»

«ሺ ደዝንት ቲች ላይክ ዛት፣ አባ። ቪዲዮ እናያለን፣ ከዚያ ፕራክቲስ፣ ከዚያ ቼክ። ካለፍክ ወደ ኔክስት ትሄዳለህ። ካላለፍክ ኦኬ ነው፣ አጌን ትሠራለህ።»

«አንቺስ የት ደረስሽ?»

ትከሻዋን ሰበቀች። «መልቲፕሊኬሽን።»

«ስንት ሳምንት ሆነሽ?»

«አይ ዶንት ኖው» አለችና ዓይኗን ከምንጣፉ ሳታነሳ ወደ ክፍሏ ገባች።

የማታስተምር መምህር! ሰባ ተማሪ በአንድ ጠመኔ ላስተማረ ሰው ይህን ንገሩት። «የራስ ፍጥነት» የሚለው ነገር ለስንፍና የተሰፋ የክት ልብስ መሰለኝ። ፈጣኑ ይሮጣል፣ የተረሳው እንደተረሳ ይቀራል፤ ማንም ሲጠይቅ «ፍጥነቱ ነው» ይባላል። የሚረሳው ደግሞ የማን ልጅ እንደሆነ ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም። የእኔ ዕረፍት ሰኞና ማክሰኞ ነው። ሰኞ ጠዋት ንጹሕ ሸሚዝ ለብሼ፣ አንድ ደብተር ይዤ ትምህርት ቤቱ ሄድኩ።

መምህሯ ሚስ ኤለን ትባላለች። በሃምሳዎቹ ውስጥ ያለች፣ ጸጉሯን አሳጥራ የተቆረጠች፣ የስፖርት ጫማ የምታደርግ ነጭ ሴት ናት። ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ማየት እንደምፈልግ ስነግራት ትቆጣለች ብዬ ነበር።

«በደስታ» አለች። «እንዲያውም አንድ ቀን አይበቃም። ነገም ይምጡ።»

ይሄም አጠራጠረኝ። ሰው እንዲህ ቶሎ እሺ የሚለው የሚደብቀውን ቀድሞ ሲደብቅ ነው ብዬ በልቤ ጻፍኩባት።

ግድግዳው ላይ የትምህርቶቹ ቁጥር ከታች ወደ ላይ ተደርድሯል፤ የእያንዳንዱ ልጅ ስም በደረሰበት ቁጥር አጠገብ ተለጥፏል። ከታች ጀምሬ አነበብኩ። መጨረሻ ላይ ምህረት የሚል ስም አለ። ከእሷ ቀጥሎ ሀያት። የታችኞቹ ሁለት ስሞች የእኛ ልጆች! የጋሽ ሽኩር ሰሚራ ከላይ ሦስተኛ መሆኗን ያን ዕለት አላየሁም። ዓይኔ ሳያርፍባት ቀርቶ አይደለም፤ አልፈለግኳትም።

ክፍሉ ጸጥ ያለ ነው ማለት አልችልም። ግማሹ የጆሮ ማዳመጫ ሰክቶ ታብሌት ያያል፣ ግማሹ ወረቀት ላይ ይሠራል፣ ሁለት ሦስቱ ወለል ላይ ተንበርክከው ይከራከራሉ። ሚስ ኤለን ከአንዱ ወደ አንዱ ትዞራለች። እኔ ከኋላ ትንሽ ወንበር ላይ ጉልበቴን አጥፌ ተቀምጬ፣ አገር ቤት ሱፐርቫይዘሮች እኔ ላይ ያደርጉት እንደነበረው ሰዓት እየያዝኩ መጻፍ ጀመርኩ። ከመስኮቱ ልጅ ጋር አራት ደቂቃ። ከመንታዎቹ ጋር ስድስት። አጠገቤ ካለችው ከምህረት ጋር ሁለት፤ እሱም በምልክት፣ ከዚያ ትከሻዋን መታ መታ አድርጋ ሄደች። ምህረት ታብሌቷ ላይ ፖም ትቆጥራለች። አርባ ደቂቃ አለፈ። ሀያት፦ ዜሮ። ዜሮውን ሁለት ጊዜ ከበብኩት።

ከዚያ ሀያት ተነሳች። ከመሳቢያ አንዲት ወረቀት አውጥታ ተመልሳ ተቀመጠች። ማለፊያ ፈተናው መሆኑ ነው። ከጀርባዋ በጎን ስለነበርኩ ወረቀቱ በደንብ ይታየኛል። አምስት ጥያቄ፤ አራቱን ያገኘ ያልፋል። ሠላሳ አራት ሲባዛ በሃያ ስድስት። እርሳሷ ቆም አላለም። ስምንት መቶ ሰማንያ አራት። ልክ። አርባ ሰባት ሲባዛ በአሥራ አምስት፣ ሰባት መቶ አምስት። ልክ። አምስቱንም እሷ ወረቀት ላይ እኔ በልቤ እየሠራን እኩል ጨረስን። አምስቱም ልክ። ወላሂ፣ ልነሳና ላቅፋት ምንም አልቀረኝም።

ሀያት ወደ ግራ አየች። ወደ ቀኝ አየች። እርሳሷን ገለበጠችና 884 የሚለውን በላጲስ አጠፋች። 874 ብላ ጻፈች። ቀጥላ 705ን አጠፋችና 605 አደረገችው። የላጲሱን ፍርፋሪ እፍ ብላ ወረቀቱን ሣጥኑ ውስጥ ከተተች።

ሚስ ኤለን አነበበችው። ሀያትን ጠርታ ጆሮዋ ላይ የሆነ ነገር አለቻት። ሀያት ጭንቅላቷን ነቀነቀችና ያንኑ መልመጃ ይዛ ቦታዋ ተመለሰች። ስሟ ግድግዳው ላይ እዚያው ቀረ።

በዚያች ቅጽበት ያሰብኩትን ሁሉ ብጽፈው ያሳፍረኛል። መምህሯ አዝዛታለች። ቀስ በይ ተብላለች። ወይም ከልጆቹ አንዱ ያስፈራራታል። አንድ ነገር ግን እርግጠኛ ነበርኩ፤ የአሥር ዓመት ልጅ በራሷ ሐሳብ ትክክለኛ መልስ አታጠፋም።

ከትምህርት ቤት ስትወጣ መኪና ውስጥ ጠየቅኳት።

«ዛሬ ፈተና ነበረሽ?»

«አላለፍኩም።»

«ከበደሽ?»

«ትንሽ።»

ልጄ ስትዋሸኝ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ወይም የመጀመሪያዋ መስሎኝ ነበር። «እንዲህ አድርጊ ብሎ ያዘዘሽ ሰው አለ?» ስላት በመስተዋቱ ውስጥ አየችኝ። ዓይኗ ውስጥ ፍርሃት ነበር። እኔም ፍርሃቱን እንደ ማስረጃ ቆጠርኩት። ማንን እንደፈራች አልጠየቅኩም።

ለጋሽ ሽኩር ኮል አድርጌ ያየሁትን ነገርኳቸው። «ነገ በስልክህ ቅረጻቸው» አሉኝ። ዘሀራ ይህን ስትሰማ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ «የሰው ልጆች ባሉበት ክፍል ስልክ ብታወጣ ፖሊስ የምጠራው እኔ ነኝ» አለች። ከዚያም፣ «ሰዒድ፣ ልጅቷን በቀስታ ጠይቃት። አንተ ስትጠይቅ ምርመራ ነው የሚመስለው» አለችኝ። ሰማኋት፤ ግን አልገባኝም።

ማክሰኞ ልጆቹ ለዕረፍት ሲወጡ ወደ ሚስ ኤለን ጠረጴዛ ሄድኩ። ሌሊቱን በእንግሊዝኛ ሳዘጋጀው ያደርኩት ንግግር ነበረኝ፤ አፌ ላይ የቀረው ግን ትንሹ ነው።

«ልጄ ትክክለኛ መልስ ስታጠፋ በዓይኔ አይቻለሁ። ማን ነው ያዘዛት?»

ሚስ ኤለን ተነስታ በሩን ዘጋች። ከዚያ መሳቢያዋን ከፍታ አንድ ፎልደር አወጣችና ውስጡ ያሉትን ወረቀቶች አንድ በአንድ መስኮቱ ላይ፣ ከብርሃኑ ፊት ያዘችልኝ። አምስት ወረቀት። በእያንዳንዱ ላይ ከተሳሳተው መልስ ሥር የጠፋው ትክክለኛ መልስ እንደ ጥላ ይታያል።

«እኔም አይቻለሁ» አለች። «አራት ሳምንት ሆነኝ።»

«አራት ሳምንት! ለምን አልነገሩኝም?»

«ሁለት ጊዜ በሀያት እጅ ደብዳቤ ላክሁ። ስልክ ደወልኩ፣ አልተነሳም።» ደብዳቤዎቹ እኔ ጋ አልደረሱም፤ ስልኩ ግን እውነት ሊሆን እንደሚችል አውቃለሁ፤ መጋዘን ውስጥ ስልክ አንይዝም፣ የማላውቀውን ቁጥር ደግሞ መልሼ አልደውልም። «ከዚያ በኋላ ግን፣ እውነቱን ልንገርዎት፣ አጥብቄ ለመንገር ፈራሁ። ልጅቷ ለማለፍ ስትፈራ አያለሁ፣ ምን እንደምትፈራ ግን አላውቅም። እርስዎን ባስቆጣ እሷን የምጎዳ መሰለኝ።»

«እኔን ነው የጠረጠሩት?»

«እርስዎስ ትናንት ሰዓት እየያዙ የጻፉት ማንን ጠርጥረው ነበር?»

ደብተሩ እጄ ላይ ነበር። እሷ ግን ያን ያለችው በቁጣ አልነበረም። «ትናንት ወደ ሀያት አልሄድኩም» አለች፤ «አጠገቧ ስቆም እርሳሷን እንደምታስቀምጥ ስላየሁ ነው። ለምን ራሷን አንጠይቃትም?»

ሀያት ከውጭ ብርዱ ጉንጯን አቅልቶት ገባች። ጠረጴዛው ላይ ወረቀቶቹን ስታይ በሩ ላይ ቆመች። ሚስ ኤለን ማንም እንዳልተቆጣት ነገረቻት።

«ሀያት፣ ማን ነው እንዲህ አድርጊ ያለሽ?» አልኳት።

«ኖ ዋን።»

«ታዲያ ለምን?»

ያልጠበቅኩትን አደረገች። ለመምህሯ ጀርባዋን ሰጥታ ወደ እኔ ዞረችና በአማርኛ ተናገረች። ይህች በአማርኛ ስጠይቃት በእንግሊዝኛ የምትመልስልኝ ልጅ ናት።

«ካለፍኩ ማካፈል ይመጣል።»

«እሺ፣ ይምጣ። ማካፈል ምን አለው?»

«ማካፈል ሲመጣ አንተ ታስተምረኛለህ።» ዓይኗን ወደ ወለሉ ዝቅ አደረገች። «አንተ ስታስተምረኝ አባ አይደለህም።»

ማባዛትን የጀመረችበት ሳምንት ትዝ አለኝ። ረስቼው አልነበረም፤ ጥሩ ነገር አድርጌ ነበር ያስቀመጥኩት። «ይሄ ምኑ ይከብዳል?» እያልኩ ጠረጴዛውን በእጄ እመታው ነበር። ወረቀቱ በእንባዋ ሲርስ አዲስ ወረቀት እሰጣትና «እንደገና» እላት ነበር። አንድ ቀን ዘሀራ «ይብቃት» ስትል «አንቺ አታቋርጪኝ» ብያታለሁ። ልጅቷም ማባዛት ቻለች። እኔ የቆጠርኩት ያንን ብቻ ነበር።

«ምን አለች?» ብላ ሚስ ኤለን ጠየቀችኝ።

ሀያት ቀና ብላ አየችኝ። ጭንቅላቷን፣ ሌላ ሰው በማያየው መጠን፣ ግራና ቀኝ ነቀነቀች። አትንገራት ማለቷ ነው። ያኔ ነው ለምን በአማርኛ እንደተናገረች የገባኝ። እኔን ልትሸፍነኝ ነበር። በመምህሯ ፊት እንዳላፍር።

መዋሸት እችል ነበር። «ማካፈል ከብዷት ነው» ብል ነገሩ እዚያው ያበቃል፤ ለዚያ የሚሆን እንግሊዝኛ አላጣም። ምላሴ ላይም ነበር። የልጄን ፊት እያየሁ ግን አልወጣልኝም።

«ካለፍኩ አባቴ ያስተምረኛል ብላ ፈርታ ነው» አልኩ። «ቤት ውስጥ… አይ ሻውት።»

እጮኻለሁ ማለቴ ነው፤ ሁለት ቃል ናት። በሕይወቴ ከተናገርኩት እንግሊዝኛ ሁሉ የከበደኝ እሷ ናት።

ሚስ ኤለን አልተቆጣችኝም፣ አላጽናናችኝምም። ሀያትን አጠገቧ አስቀምጣ አምስቱን ወረቀቶች ዘረጋችላትና «ይህን ትምህርት ስንት ጊዜ እንዳለፍሽ ታውቂያለሽ? አምስት ጊዜ!» አለቻት። ሀያት በእንባዋ መሀል ሳቀች። «ከፈለግሽ ማካፈልን እዚህ ብቻ እንማረው፤ ቤት አይሄድም። አባትሽ ይስማማሉ?»

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። እስኪ አስቡት፤ አሥራ አንድ ዓመት ሒሳብ ያስተማረ ሰው ልጁን ሒሳብ እንዳያስተምር ሲጠየቅ።

«እስማማለሁ» አልኩ።

ልወጣ ስል ሚስ ኤለን ጠራችኝ። «ምህረትን በሚመለከት አንድ ነገር ልለምንዎት? ከመጣች ሦስት ወሯ ነው። ታብሌቱ የሁለተኛ ክፍል ትምህርት ላይ አስቀመጣት። የሒሳብ ችግር ይሁን የቋንቋ ልለይ አልቻልኩም፤ አስተርጓሚ ጠይቄ እስካሁን አልመጣልኝም።»

ልጆቹ ሲመለሱ ከምህረት አጠገብ ተንበረከክኩ። የአራተኛ ክፍሉን ጥያቄ በአማርኛ አነበብኩላት። «አንድ ሰው ዘጠና ስድስት እንቁላል አለው፤ አንዱ ካርቶን አሥራ ሁለት ከያዘ…»

«ስምንት ካርቶን» አለች ሳልጨርስ።

አሥራ አንድ ጥያቄ አነበብኩላት፤ አሥሩን አገኘች። «ማን አስተማረሽ?» ስላት ተገርማ አየችኝ። «ሆሳዕና አምስተኛ ክፍል ጀምሬ ነበር እኮ፣ ጋሼ!»

ለሚስ ኤለን ስነግራት እጇን አፏ ላይ አደረገች። ሦስት ወር ሙሉ ይህች ልጅ ፖም ስትቆጥር ኖራለች፤ ታብሌቱ ጥያቄውን የሚጠይቃት በማታውቀው ቋንቋ ነበርና። ያለ ቦታው የተቀመጠ ልጅ እንዳለ መጠርጠሬ ልክ ነበር ማለት ነው። ግን የእኔ ልጅ አልነበረችም፤ ማንም ሆን ብሎም አላደረገውም። ሰኞ አርባ ደቂቃ አጠገቧ ተቀምጬ ደብተሬ ላይ ስለ ምህረት የጻፍኩት «ሁለት ደቂቃ» የሚል ብቻ ነው። የመምህሯን ጥፋት ስቆጥር ልጅቷን አላየኋትም።

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ሰኞና ማክሰኞ እዚያ ክፍል እገኝ ነበር። መጀመሪያ በፈቃደኝነት፤ በዓመቱ ደግሞ ትምህርት ቤቱ ረዳት አድርጎ ቀጠረኝና ከኦበርኑ መጋዘን ወጣሁ። ታብሌቱን ዛሬም ሙሉ በሙሉ አላምነውም። ቪዲዮውን ሳያይ እየዘለለ የሚያልፍ ልጅ አለ፤ ሚስ ኤለንም ሁሉም ጋ የማትደርስበት ቀን አለ። ግን ኮምቦልቻ «ገባችሁ?» ስል ሰባ ድምፅ በአንድ ላይ «አዎ፣ ጋሼ!» ይለኝ ነበር። ከሰባው ስንቱ ስላልገባው ነው ድምፁን ከጓደኞቹ ጋር የቀላቀለው? ከኋላ ወንበር ጠፍተው የቀሩ ልጆች ነበሩኝ። ሰነፎች እላቸው ነበር። የአንዳንዶቹን ስም አሁን ለማስታወስ እሞክራለሁ፤ አይመጣልኝም።

ይህን የምታነቡ ወላጆች፣ ትምህርት ቤቱን አትጠርጥሩ አልላችሁም። ሂዱ፣ ተቀመጡ፣ እዩ፣ ጠይቁ። እኔ ባልሄድ ኖሮ ምህረት እስከ ዛሬ ፖም ትቆጥር ነበር። ስትሄዱ ግን ልጃችሁ የምትፈራው ማንን እንደሆነ የምትጠይቁበት ዝርዝር ላይ የራሳችሁንም ስም ጻፉ። እኔ የሁሉንም ስም ጽፌ ነበር፤ የጎደለው አንድ ብቻ ነበር።

ሀያት ከሦስት ሳምንት በኋላ ማካፈልን አለፈች። አልነገረችኝም፤ ግድግዳው ላይ አይቼ ዝም አልኩ። አሁን መካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገብታለች። ሒሳብ ስትሠራ የክፍሏን በር ትዘጋለች፣ እኔም አላንኳኳም። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ጥያቄ አልጠየቀችኝም። ይህን ቅጣት አልለውም፤ ለምን እንደሆነ ይገባኛል።

ያለፈው ወር ሳህን ሳጥብ ደብተሯን ይዛ መጣችና አንዲት ነገር ጠየቀችኝ፤ ኔጌቲቭ በኔጌቲቭ ሲባዛ ለምን ፖዘቲቭ ይሆናል? እጄን አደረቅኩ። በሁለት ዓረፍተ ነገር መለስኩላት። «ሌላስ?» ልላት አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት፤ ወደ ሳህኔ ዞርኩ።

ከኋላዬ ወንበር ሲጎተት ሰማሁ። አልሄደችም፤ እዚያው ወጥ ቤት ተቀምጣ የሚቀጥለውን ጥያቄ መሥራት ጀምራለች።